በዳዶ ማሰር ወይስ ጥርስ ማውጣት? ብረት ለሚበሳ ሰው የምርጫ መመሪያ

ሁለት ብረቶችን በብሎን ሊያያይዝ የተነሣ ሰው ፑንታውን (የመብሻ ዘንጉን) ትራፓኖው (የመብሻ ማሽኑ) ላይ ከማሰሩ በፊት የሚወስነው አንድ ነገር አለ፤ ብሎኑ የሚጠመዘዝበት ጥርስ የት ይቀመጥ? ሁለቱንም ብረቶች ማዶ ለማዶ በስቶ ብሎኑን ካሳለፈና ከጀርባ በዳዶ ካሰረ፣ ጥርሱ ያለው ዳዶው ውስጥ ነው። የላይኛውን ብረት በስቶ በታችኛው ውስጥ በታፕ፣ ማለትም ጥርስ በሚያወጣ ዘንግ፣ ጥርስ ካወጣ ግን ጥርሱ የዕቃው አካል ሆኗል። የፊተኛው ቢበላሽ ዳዶ ይለወጣል። የኋለኛው ቢበላሽ የሚጎዳው የሞተሩ አካል፣ የፓምፑ ቤት ወይም ደንበኛ አምኖ የሰጠው ማሽን ነው።

ምርጫው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ልዩነት ነው። በየጋራዡና በየብረታ ብረት ሥራ ቤቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚወስነው ልማድ ነው፤ ታፕ ያለው ጥርስ ያወጣል፣ የሌለው በዳዶ ያስራል፣ ብየዳ የሚቀናው ደግሞ ሁሉንም ይበይዳል። ልማዱን ለጊዜው ትተን ሥራው ራሱ ምን እንደሚጠይቅ እንመልከት።

መብሳትና ጥርስ ማውጣት ተፎካካሪዎች እንዳልሆኑ አስቀድሞ ግልጽ ይሁን። ታፕ ያልተበሳ ብረት ውስጥ አይገባም፤ ሥራው የተበሳውን ቀዳዳ ግድግዳ እየፈለፈለ ጠመዝማዛ ጥርስ ማውጣት ነው። ስለዚህ ጥርስ ለማውጣት የወሰነ ሰው ለመብሳትም ወስኗል፤ ያውም ከተራው ይልቅ እጅግ ጥንቃቄ ለሚጠይቀው መብሳት።

ጀርባው የሚደረስበት ከሆነ

ጀርባው እጅና ቁልፍ የሚያስገባ ከሆነ የእኔ ምርጫ ዳዶ ነው፤ ተቃራኒ የሚያስገድድ ምክንያት እስካልመጣ ድረስም በዚህ እጸናለሁ።

ለዳዶ የሚበሳው ቀዳዳ ከብሎኑ ሰፋ ስለሚል ትንሽ ስሕተት ይሸከማል። በዓለም አቀፉ ደረጃ መካከለኛ በሚባለው ልክ ለኤም 6፣ ማለትም ዲያሜትሩ 6 ሚሊ ሜትር ለሆነ ብሎን፣ 6.6 ሚሊ ሜትር ይበሳል፤ ለኤም 8 ደግሞ 9፣ ለኤም 10 ብሎን 11፣ ለኤም 12 ብሎን 13.5። ኤም 10 ብሎን በሁለቱም ብረቶች ቀዳዳ ውስጥ የአንድ ሚሊ ሜትር መንቀሳቀሻ አለው ማለት ነው። ስምንት ቀዳዳ ባለው ፍላንጅ ላይ ይህ ክፍተት ከባድ ሸክም ያቀልላል። ጥርስ ሲወጣ መንቀሳቀሻው የሚቀረው በላይኛው ብረት ብቻ ነው፤ የታችኛው ቀዳዳ በተበሳበት ቦታ ላይ እንደተቸነከረ ይቀራል።

ሁለተኛው ጉዳይ ጥንካሬ ነው። የብሎኑ ራስ ላይ 8.8 የሚል ቁጥር ካለ፣ የመጀመሪያው ስምንት ብሎኑ እስኪበጠስ የሚሸከመው ጭነት 800 ሜጋፓስካል፣ ማለትም በካሬ ሚሊ ሜትር 800 ኒውተን፣ እንደሆነ ይናገራል። ከነጥቡ በኋላ ያለው ስምንት ደግሞ ከዚያ ጭነት 80 በመቶው ላይ ሲደርስ ብሎኑ ተስቦ ወደነበረበት መመለስ እንደሚያቆም ያመለክታል። 8 የሚል ምልክት ያለበት ዳዶ ከዚህ ብሎን ጋር እንዲጋጠም የተሠራ ስለሆነ፣ አንድ ጉልበተኛ ከልኩ በላይ ቢያጠብቀው ጥርሱ ከመላላቱ በፊት ብሎኑ እንዲበጠስ የታሰበበት ነው። ይህ ትልቅ ዋስትና ነው። የተበጠሰ ብሎን ይታያል፤ ሲበጠስም ይሰማል። ጥርስ ግን የሚላላው ቀስ በቀስ ነው፤ የጠበቀ እየመሰለ ይቆይና ማሽኑ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ይከዳል። በራሳችን ታፕ ጥርስ ስናወጣ ይህንን ዋስትና የምንሰጠው እኛው ነን።

ዳዶ የራሱ ጣጣ አለው። ሁለት ቁልፍ፣ አንዳንዴም ሁለት ሰው ይፈልጋል። የብሎኑ ጫፍ ከጀርባ ይወጣል፤ ልብስ ይይዛል፣ ልጆች የሚነኩት ዕቃ ከሆነም ያቆስላል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ባዶ የሆነ ብረት ላይ ሲታሰር ነው። ለአጥርና ለጠረጴዛ እግር የሚሆነውን ባለ 40 በ40 ካሬ ቱቦ ማዶ ለማዶ በስቶ በዳዶ ሲያጠብቁት 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነው ግድግዳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ብሎኑም መቼም ቢሆን አይጠብቅም። እንዲህ ያለውን ሥራ በዳዶ መሥራት የሚቻለው ብሎኑ የሚያልፍበት አጭር ቧንቧ በቱቦው ውስጥ ገብቶ የሁለቱን ግድግዳዎች ጭነት ሲሸከም ብቻ ነው።

ጥርስ ግድ የሚሆንበት

የሞተር አካል፣ የማርሽ ሳጥን፣ የፓምፕ ቤት፣ የቶርኖ አልጋ፤ እነዚህ ሁሉ ጀርባ የላቸውም ወይም ጀርባቸው አይደረስበትም። አንድ ሰው ብቻውን በየጊዜው የሚከፍተውና የሚዘጋው ክዳንም ጥርስ ቢኖረው ይመረጣል፤ በአንድ እጅ ክዳኑን ይዞ በሌላው ዳዶ ማሳደድ ሥራ ያስጠላል። ዘይት ወይም ውኃ የሚይዝ አካል ላይ ደግሞ ማዶ የሚወጣ ቀዳዳ የመፍሰሻ መንገድ ይሆናል፤ እዚያ የሚያዋጣው ጫፉ የተዘጋ ባለ ጥርስ ቀዳዳ ነው።

ጥርስ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚታየው የብረቱ ውፍረት ነው። ለተራ ብረት ጥርሱ ቢያንስ የብሎኑን ዲያሜትር ያህል መጥለቅ አለበት፤ ለኤም 8 ብሎን 8 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ለግራጫ የብረት ቀልጥ ከ1.25 እስከ 1.5 እጥፍ፣ ለአሉሚኒየም ደግሞ ከ1.5 እስከ 2 እጥፍ ይታሰባል። ስለዚህ ያው ኤም 8 ብሎን በአሉሚኒየም ውስጥ ከ12 እስከ 16 ሚሊ ሜትር ጥርስ ይፈልጋል። ከዚህ በላይ ማጥለቅ ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ጭነቱን የሚሸከሙት በዋናነት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጥርሶች ናቸውና ታፕ ለመስበር ካልሆነ በቀር ጥልቀት ብቻውን ጉልበት አይጨምርም።

ቀጭን ላሜራ ላይ ጥርስ ማውጣትን አጥብቄ እቃወማለሁ። ኤም 6 ብሎን በአንድ ዙር የሚጓዘው 1 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ቱቦ ውስጥ የሚይዘው አንድ ተኩል ጥርስ ብቻ ነው። ሲሠራ የጠበቀ ይመስላል፤ ደንበኛው ወንበሩን ወስዶ ሦስት ጊዜ ሲቀመጥበት ይለቃል። ለዚህ ሥራ ሌሎች መንገዶች አሉ። ከውስጥ መድረስ ከተቻለ ዳዶ መበየድ፣ ካልተቻለ ደግሞ እንደ ሪቬት ከውጭ ገብቶ ጀርባው የሚቆለመመውን ባለ ጥርስ ሪቬት መጠቀም ይቻላል። ጠንካራ የቁም ትራፓኖ ያለው ሥራ ቤት ከካርባይድ በተሠራና ስለት በሌለው ሹል ዘንግ ብረቱን በሰበቃ አግሎ፣ ሳይቆርጥ ገፍቶ ከጀርባው አንገት ማውጣት ይችላል፤ ያ አንገት ከግድግዳው ብዙ እጥፍ ስለሚረዝም ጥርስ ይሸከማል። ለጣሪያ ቆርቆሮና ለቀላል መሸፈኛ ላሜራ ደግሞ ራሱ በስቶ ራሱ የሚጠመዝዘው ቪቴ ይበቃል።

ታፑ የሚሳካው በፑንታው ነው

አሁን ጥርስ ለማውጣት ተወስኗል እንበል። ብዙ ሰው ታፑን በጥንቃቄ ይገዛና ፑንታውን በግምት ይመርጣል። ነገሩ ተገላቢጦሽ ቢሆን ይሻላል፤ ታፑ የሚሄደው ፑንታው በከፈተለት መንገድ ነውና።

ለሜትሪክ ጥርስ ሒሳቡ ቀላል ነው። ከብሎኑ ዲያሜትር ላይ ፒቹን ይቀንሱ። ፒች ማለት ከአንዱ ጥርስ ጫፍ እስከ ተከታዩ ጫፍ ያለው ርቀት ነው። ለተለመዱት ባለ ሻካራ (ባለ ሰፊ ፒች) ጥርስ ብሎኖች ውጤቱ ወደ ቅርቡ የፑንታ ልክ ተጠጋግቶ ይህ ነው፦

ኤም 3፣ ፒች 0.5 — ፑንታ 2.5
ኤም 4፣ ፒች 0.7 — ፑንታ 3.3
ኤም 5፣ ፒች 0.8 — ፑንታ 4.2
ኤም 6፣ ፒች 1 — ፑንታ 5
ኤም 8፣ ፒች 1.25 — ፑንታ 6.8
ኤም 10፣ ፒች 1.5 — ፑንታ 8.5
ኤም 12፣ ፒች 1.75 — ፑንታ 10.2
ኤም 16፣ ፒች 2 — ፑንታ 14

መኪና የሚሠሩ ሰዎች አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የጃፓን መኪኖች ላይ ኤም 10 ብሎን ብዙ ጊዜ ፒቹ 1.5 ሳይሆን 1.25 ነው፤ ፑንታውም 8.8 ይሆናል። ያንኑ 8.8 ፑንታ አንሥቶ ለተራው ኤም 10 መብሳት ግን ጥርሱን ያሳጣዋል። በዓለም አቀፉ ደረጃ የተራው ኤም 10 ባለ ጥርስ ቀዳዳ ውስጣዊ ስፋት ከ8.376 በታች፣ ከ8.676 ሚሊ ሜትርም በላይ መሆን የለበትም። 8.5 ፑንታ በመካከሉ ይቆማል፤ 8.8 ከልክ ወጥቷል።

ይህ ደግሞ ወደ ፑንታው አሳሳል ይወስደናል። በእጅ በድንጋይ የተሳለ ፑንታ ከሁለቱ ስለቶቹ አንዱ ረዘም ካለ፣ 8.5 ተብሎ የተገዛው ዘንግ 8.7 ወይም 8.8 ይበሳል። ለዳዶ በሚበሳ ቀዳዳ ላይ ይህ ከቁም ነገር አይቆጠርም። ለታፕ ግን የጥርሱ ቁመት አንድ አምስተኛው ያህል ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ከዕቃው በፊት ቁራጭ ብረት ላይ በስቶ በካሊብሮ (በዲያሜትር መለኪያ) መለካት ጥሩ ልማድ ነው፤ ጊዜው ትንሽ ነው፣ የሚያድነው ግን የደንበኛ ዕቃ ነው።

በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሳሳቱም አሉ። «ጥርሱ ጠንካራ ይሁን» ብለው በ8.2 ፑንታ ይበሱና ታፑ ሲገባ እያለቀሰ ይጮኻል። የጥርሱን ቁመት ከሦስት አራተኛው በላይ ለማሳደግ የሚወጣው ጉልበት በጣም ይጨምራል፤ የሚገኘው ጥንካሬ ግን ጥቂት ነው። ታፕ የሚሰበርበት አንዱ ዋና ምክንያት ጠባብ ቀዳዳ ነው።

ሌላው በሁለቱ ሥራዎች መካከል ያለው መሠረታዊ ልዩነት ግፊት ነው። ሲበሱ ግፊቱን የሚወስነው ሠራተኛው ነው፤ ብረቱ ከጠነከረ ይቀንሳል፣ ከለሰለሰ ይጨምራል። ታፕ ግን ይህንን ነፃነት አይሰጥም። ኤም 8 ታፕ በአንድ ዙር 1.25 ሚሊ ሜትር ይገባል፤ አይጨምርም፣ አይቀንስምም። ትራፓኖው ከዚያ ፈጥኖ ከገፋው ወይም ዘግይቶ ከጎተተው ጥርሱ ይላጫል ወይም ታፑ ይሰበራል። ለዚህ ነው የሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚመራ) ማሽን የመዞሪያውን ፍጥነትና የመውረጃውን ፍጥነት ቆልፎ የሚያስተባብረው፤ ያለዚያ ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች ጥቂት የሚለጠጥ መያዣ ያስፈልጋል።

ፍጥነቱም ይለያያል። በኤችኤስኤስ (ሙቀት በሚቋቋም የመቁረጫ ብረት) ፑንታ ተራ ብረት ሲበሳ በደቂቃ 25 ሜትር አካባቢ የመቁረጫ ፍጥነት ይመከራል። ይህንን ወደ ዙር ለመቀየር ፍጥነቱን በ320 አባዝቶ ለፑንታው ዲያሜትር ማካፈል ነው፤ ለ8.5 ፑንታ በደቂቃ 940 ዙር ገደማ ይወጣል። ለኤም 10 የማሽን ታፕ በደቂቃ 10 ሜትር ከተወሰደ ግን 320 ዙር ብቻ ነው። የብሎኬት መብሻ ትራፓኖ ይዞ በሙሉ ፍጥነት ታፕ ለማስገባት የሚሞክር ሰው ከዚህ ሒሳብ ብዙ ርቋል።

ጫፉ በተዘጋ ቀዳዳ ላይ ጥልቀቱም መታሰብ አለበት። ታፕ ጫፉ ላይ የሾጠጠ ስለሆነ እስከ ቀዳዳው መጨረሻ ጥርስ አያወጣም፤ ፍቅፋቂውም የሚያርፍበት ቦታ ይፈልጋል። 20 ሚሊ ሜትር ሙሉ ጥርስ ለሚያስፈልገው ኤም 10 ከ28 እስከ 30 ሚሊ ሜትር መብሳት ተገቢ ነው። ከዚያ የቀዳዳውን አፍ ከጥርሱ ስፋት ጥቂት እስኪበልጥ ድረስ በሰፊ ፑንታ ፈገግ ማድረግ፤ ይህ ካልተደረገ የመጀመሪያው ጥርስ ወደ ላይ አብጦ ሁለቱ ብረቶች ገጥመው እንዳይቀመጡ ያደርጋል።

የትኛው ታፕ ለየትኛው ሥራ

በእጅ ለሚሠራ ሰው ሦስት አባል ያለው ስብስብ አለ። አንደኛው ረጅም ሹል ጫፍ ያለውና በቀላሉ የሚገባ ነው፤ ሁለተኛው ያሰፋል፤ ሦስተኛው ጥርሱን ይጨርሳል፣ በዝግ ቀዳዳም ወደ መጨረሻው ይጠጋል። አብዛኛውን ጊዜ በእጀታቸው ላይ በተቀረጹ ቀለበቶች ይለያሉ፤ አንድ ቀለበት የመጀመሪያው፣ ሁለት ቀለበት የሁለተኛው ነው። ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ እየተባለ የሚሠራው በእነዚህ ነው፤ ወደ ኋላ መመለሱ ፍቅፋቂውን ይሰብረዋል።

በማሽን የሚገባው ታፕ እንደ ቀዳዳው ዓይነት ይለያያል። ጫፉ ላይ ሰያፍ የተፈለፈለውና ቦዩ ቀጥ ያለው ፍቅፋቂውን ወደ ፊት ይገፋል፤ ስለዚህ ማዶ ለሚወጣ ቀዳዳ ነው። ቦዩ እንደ ፑንታ የተጠማዘዘው ፍቅፋቂውን ወደ ላይ ያወጣል፤ ለዝግ ቀዳዳ ነው። ሁለቱን ማለዋወጥ ውድ ስሕተት ነው፤ ወደ ፊት የሚገፋውን ዝግ ቀዳዳ ውስጥ ያስገባ ሰው ፍቅፋቂውን ታች አጭቆ ታፑን ራሱ ይቀብረዋል።

ምንም የማይቆርጥ ታፕም አለ። ብረቱን እየተጫነ ጥርስ ያበቅላል፤ ፍቅፋቂ የለም፣ የሚወጣውም ጥርስ የብረቱ ሥር ስላልተቆረጠ ጠንካራ ነው። ለአሉሚኒየም፣ ለመዳብና ለለስላሳ ብረት እጅግ ያምራል። የሚበሳው ቀዳዳ ግን ሰፊ መሆን አለበት፤ ለኤም 8 የተለመደው 6.8 ሳይሆን 7.4 አካባቢ። ለብረት ቀልጥ አይሆንም፤ ቀልጥ ሲጫኑት ይፈረፈራል እንጂ አይፈስም።

ፑንታና ታፕን በአንድ ዘንግ የያዘ መሣሪያ በገበያ ይታያል፤ ብዙዎችም ይወዱታል። በልኩ ከተጠቀሙበት ጥሩ ነው። ልኩ ግን ጥብቅ ነው፤ የፑንታው ክፍል ሙሉ በሙሉ ማዶ ሳይወጣ ታፑ ብረቱን መንከስ የለበትም፤ አለበለዚያ ፑንታው በራሱ ፍጥነት፣ ታፑም በራሱ ፍጥነት ለመግባት ሲጎተቱ አንዱ ይሰበራል። ስለዚህ ውፍረቱ ከፑንታው ክፍል ርዝመት ላነሰ ላሜራ ብቻ ነው፤ ለዝግ ቀዳዳ በፍጹም አይሆንም።

ሲኤንሲ ፍሬዛ (በሚዞር ስለት ብረት የሚፈለፍል ማሽን) ላለው ሥራ ቤት ደግሞ ጥርስን በፍሬዛ መፈልፈል ይቻላል። መሣሪያው ከቀዳዳው ይቀጥናል፤ እየዞረ በክብና በጥልቀት ይጓዛል። ቢሰበር እንኳን ይወድቃል እንጂ አይቀበርም፤ በአንድ ፒች ብዙ ስፋት ይሠራል። ውድ የሆነ አካል በእጁ ላለ ሰው ይህ ከሁሉ የሚያስተማምን ምርጫ ነው።

ስለ ግዢ የምለው አንድ ነገር አለኝ። ርካሹን ባለ 40 ክፍል የታፕና የዳይ (ዘንግ ላይ ጥርስ የሚያወጣ መሣሪያ) ሣጥን ከመግዛት ይልቅ፣ ለኤም 6፣ ለኤም 8 እና ለኤም 10 ብቻ ጥሩ የኤችኤስኤስ ታፕና ለእያንዳንዱ ልኩ የሆነ ፑንታ መግዛት እጅግ ይበልጣል። ርካሾቹ ሣጥኖች ብዙውን ጊዜ ከካርቦን ብረት የተሠሩ ናቸው፤ የቆየ ጥርስ ለማጽዳት ይሆናሉ፣ አዲስ ለማውጣት ግን ያሳዝናሉ።

ብረቱ የሚጠይቀው

ተራ ብረት ታጋሽ ነው፤ መቁረጫ ዘይት ካገኘ ይበሳል፣ ጥርስም ያወጣል። የሞተር ዘይት ከምንም ይሻላል፤ ለታፕ ግን መቁረጫ ዘይት ተብሎ የተዘጋጀው በግልጽ ይበልጣል። አሉሚኒየም በስለቱ ላይ ይጣበቃል፤ ነጭ ጋዝ ለዚህ የቆየና የሚሠራ መድኃኒት ነው። ግራጫ ቀልጥ በውስጡ ያለው ግራፋይት ስለሚያለሰልሰው በደረቁ ይሠራል፤ ብናኙን ግን መተንፈስ አይገባም። ነሐስ ላይ ፑንታው ብረቱን ነክሶ በድንገት ይስባል፤ የስለቱን ሹልነት በጥቂቱ ማደንዘዝ ይረዳል።

አይዝጌ ብረት የተለየ ነው፤ እዚህ ላይ ትዕግሥትና ቆራጥነት አብረው ያስፈልጋሉ። ፑንታው ሳይቆርጥ ከተሻሸ የቀዳዳው መሬት ወዲያውኑ ይጠነክራል፤ ከዚያ በኋላ ማንኛውም ስለት ይዶለዱማል። ዙሩ በጣም ይቀነስ፣ ግፊቱ ግን አይቋረጥ። ኮባልት ያለበትና ጫፉ 135 ዲግሪ የሆነ ፑንታ ከተራው ባለ 118 ዲግሪ ይመረጣል። ለታፑም ቀዳዳውን በአንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ማስፋት፣ ለኤም 8 በ6.9 መብሳት፣ ታፑን ያድናል። ከአይዝጌ ብረት የምግብ ማሽን ለሚሠራ ሰው ጀርባው የሚደረስ ከሆነ ዳዶን አጥብቄ የምመክረው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው፤ አይዝጌ ብሎን በአይዝጌ ጥርስ ውስጥ ያለ ቅባት ሲጠብቅ ተጣብቆ መቅረት ይወዳል።

ለሁሉም ብረት የሚሠራ አንድ የደኅንነት ነገር፤ ላሜራ በእጅ ተይዞ አይበሳም። ፑንታው ማዶ ሲወጣ ላሜራውን ይነክስና እንደ ስለት ያሽከረክረዋል። በሞርሳ ወይም በመያዣ ይታሰር። በቁም ትራፓኖ ላይ ጓንት አይደረግ፤ ጨርቁን ከያዘ እጁንም ይዞ ይሄዳል።

የቀዳዳው ጥርስ ከብሎኑ ጋር ይስማማል?

አገራችን ውስጥ የሚገኙት ማሽኖች ከብዙ አገር የመጡ ናቸው፤ በምናለሽ ተራ ከሚገኘው ያገለገለ ብረትና በሶማሌ ተራ ከሚሸጠው የመኪና ዕቃ መካከል ሜትሪክም፣ የአሜሪካም፣ የእንግሊዝም ጥርስ ይገኛል። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትዎርዝ በ1841 ያቀረበው ጥርስ 55 ዲግሪ ማዕዘን ነበረው፤ አሜሪካዊው ዊልያም ሴለርስ በ1864 60 ዲግሪ አደረገው፤ ዛሬ የምንጠቀምበት ሜትሪክም 60 ዲግሪ ነው። የውኃ ቧንቧችን ግን እስከ ዛሬ በ55 ዲግሪው ቤተሰብ ውስጥ ይኖራል። ግማሽ ኢንች የሚባለው የቧንቧ ጥርስ በውጭ ሲለካ 21 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በአንድ ኢንች 14 ጥርስ አለው፤ ለታፑ የሚበሳውም 19 ሚሊ ሜትር ነው። ግማሽ ኢንች 12.7 ነው ብሎ የሚያሰላ ሰው ቀዳዳውን ያበላሻል።

አደገኛው መመሳሰል በኤም 8 እና በአምስት አሥራ ስድስተኛ ኢንች መካከል ያለው ነው። የዲያሜትር ልዩነታቸው ከአንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ያንሳል፤ በካሊብሮ ሲለኩ ያታልላሉ። ፒቻቸው ግን 1.25 እና 1.41 ነው። ብሎኑ ሁለት ዙር ይገባና ይጣበቃል፤ በቁልፍ የተገፋ እንደሆነ ጥርሱ ይላጫል። መለያው የብሎኑ ራስ ላይ ነው፤ ሜትሪክ ብሎን እንደ 8.8 እና 10.9 ያለ ቁጥር ይይዛል፣ የአሜሪካው ግን ከመካከል ወደ ጠርዝ የሚሄዱ መስመሮች አሉት። የፒች መለኪያ ምላጭ መግዛት ከብዙ ብስጭት ያድናል።

ይህ ጉዳይ በምርጫውም ላይ ይመዝናል። ብሎኑና ዳዶው አብረው ከተገዙ የሚስማሙ ናቸው፤ ነገ ሌላ ሰው ሲጠግነው በቀላሉ ይተካዋል። በዕቃው ላይ የወጣ ጥርስ ግን ለዘለቄታው ያንን ዓይነት ብሎን ይጠይቃል። አሮጌ የእንግሊዝ ወፍጮ ላይ አዲስ ቀዳዳ የሚያወጣ ሰው የማሽኑን የቀድሞ ጥርስ መከተሉን ወይም ወደ ሜትሪክ መሸጋገሩን አስቀድሞ ወስኖ ለባለቤቱ ቢነግረው ጥሩ ነው።

ሦስት ሥራዎች

የውኃ ማጠራቀሚያ ታንከር የሚቆምበት ማማ የሚሠራ ሰው የብረት ማዕዘኖቹን ሲያያይዝ ያለ ምንም ክርክር በስቶ በዳዶና በሮንዴላ ያስር። ጭነቱ ከባድ ነው፣ ጀርባው ክፍት ነው፣ ብሎኑም በየጊዜው መታየትና መጠበቅ አለበት።

12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የብረት መሠረት ላይ ሞተር ለሚያስቀምጥ ሰው ሁለቱም ይሆናሉ፤ ውፍረቱ ለኤም 10 ይበቃል። መሠረቱ ኮንክሪት ላይ የሚለጠፍ ከሆነ ግን ጀርባው ይዘጋልና ጥርስ ይውጣ። ቀበቶ ለመወጠር ሞተሩ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት ከሆነም ሞላላው ቀዳዳ በሞተሩ እግር ላይ፣ ጥርሱ በመሠረቱ ላይ ሲሆን ማስተካከሉ ለአንድ ሰው ቀላል ይሆናል።

የአሉሚኒየም ቴስታታ (የሞተር የላይኛው ክዳን) ወይም የማርሽ ሳጥን ላይ የሚሠራ ሰው ሦስተኛ መንገድ አለው። በሁለቱም ጫፍ ጥርስ ያለውን ዘንግ አንድ ጊዜ በአሉሚኒየሙ ውስጥ አስሮ ይተዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚፈታውና የሚታሰረው ውጭ ያለው ዳዶ ነው። ለስላሳው ጥርስ ስለማይነካ አያልቅም። ፋብሪካዎች የጭስ መውጫ ቱቦውን ከሞተሩ ጋር ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚያያይዙት ያለ ምክንያት አይደለም።

ጥርሱ ሲላጭ፣ ታፑ ሲሰበር

የተሰበረ ታፕ ጥርስ የማውጣት ትልቁ አደጋ ነው። ከተራ ፑንታ የማይተናነስ ጠጣር ስለሆነ በኤችኤስኤስ ፑንታ መብሳቱ አይሠራም፤ ፑንታውን ወደ ጎን ገፍቶ ዕቃውን ያበላሻል። ጉቶው ከላይ ከቀረ በፒንሳ ወይም በላዩ ዳዶ በመበየድ ሊዞር ይችላል። ውስጥ ከቀረ በቦዮቹ ውስጥ ቀጫጭን ጣቶች የሚያስገባ ማውጫ አለ። ያ ካልሆነ በኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚበላው ማሽን ያላቸው ሥራ ቤቶች ዘንድ መውሰድ ነው፤ በጉልበት መምታት ግን የመጨረሻውን ዕድል ያጠፋል።

የተላጨ ጥርስ የተሻለ ተስፋ አለው። ጀርባው የሚደረስ ከሆነ ቀዳዳውን አስፍቶ በዳዶ ማሰር ፈጣኑ መንገድ ነው። ካልሆነና ግድግዳው ወፍራም ከሆነ ወደሚቀጥለው ልክ ማሳደግ ይቻላል፤ የላይኛውም ክዳን ቀዳዳ አብሮ መስፋት እንዳለበት አይዘንጋ። ልኩ መቀየር የሌለበት ከሆነ ደግሞ ከአይዝጌ ሽቦ የተጠቀለለው የጥርስ መተኪያ አለ። ለኤም 8 በ8.3 አካባቢ ፑንታ ይበሳል፤ በመተኪያው በራሱ ሰፊ ታፕ ጥርስ ይወጣል፤ ጥቅልሉ ይገባል፤ ከዚያ የቀድሞው ኤም 8 ብሎን ተመልሶ ይታሰርበታል። የካንዴላ ቀዳዳ፣ ብዙ ጊዜ ኤም 14 በፒች 1.25 የሆነው፣ በአሉሚኒየም ቴስታታ ላይ ሲላጭ የሚድነው በዚህ ዘዴ ነው። ለስላሳ ብረት ላይ በትክክል የገባ ጥቅልል ከመጀመሪያው ጥርስ ይልቅ ይጠነክራል። ስለዚህ አሉሚኒየም ላይ በየሳምንቱ የሚፈታ ብሎን እንደሚኖር አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ጥርሱ እስኪላጭ ሳይጠብቅ ገና ከጅምሩ በዚህ መተኪያ ቢሠራው የተሻለ ነው።